ስሙን ከታሪኩ አትነጥሉት

ውድ ልጆቼ፣

ብሉይ ኪዳንን ከነዕብራይስጡ ሳስተምር ነው ዕድሜዬ የነጎደው። በዚህ ሁሉ ዘመን ከወጣቶች አፍ ደጋግሜ የሰማሁት ጥያቄ «የእኔ ስም በዕብራይስጥ ምን ማለት ነው?» የሚል ነው። ጥያቄውን እወደዋለሁ። ሰው የእምነቱን ቃል ከምንጩ ልቅዳ ሲል ደስ ይለኛል። የሚያሳስበኝ ከዚያ ቀጥሎ የሚመጣው ነው። አንዱ የስሙ ትርጉም ስላልጣመው ዕድሌን ያበላሸብኝ ይኸ ነው ብሎ ሊለውጠው ይነሣል፤ ሌላዋ ስሟ ስላማረ ብቻ ኑሮዋም የሚያምር ይመስላታል። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚለው አባባል ደግሞ ነገሩን ያጸናላቸዋል።

እስቲ መጽሐፉን እንጠይቀው። አቤሴሎም ማለት «አባቴ ሰላም ነው» ማለት ነው፤ በገዛ አባቱ በዳዊት ላይ ያመፀው ግን እሱ ነው። ይሁዳን ልያ የሰየመችው እግዚአብሔርን አመሰግናለሁ ብላ ነው (ዘፍጥረት 29፥35)፤ ጌታን አሳልፎ የሰጠውም ሰው በዚሁ ስም ይጠራ ነበር። የሐዋርያት ሥራ 13 ላይ በርያሱስ፣ ማለትም «የኢየሱስ ልጅ» የሚባል ጠንቋይ እናገኛለን፤ ጳውሎስ «የዲያብሎስ ልጅ» ብሎ ገሠጸው። ዳንኤል በበኩሉ ናቡከደነፆር «በአምላኬ ስም» ያለውን ስም፣ ብልጣሶር የሚለውን፣ ተሸክሞ ኖረ፤ ከጸሎቱ ግን አልጎደለም፣ እግዚአብሔርም አልተወውም።

ታዲያ ትርጉሙ ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። በመጽሐፍ ቅዱስ ስም ብዙ ጊዜ ጸሎት ነው፣ ምስጋና ነው፤ እንደ ኢካቦድ («ክብር ለቀቀ») ያለውማ ልቅሶ ነው። ክታብ ግን አይደለም።

አማኑኤል የሚለውን ውሰዱ። «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር» ማለት እንደሆነ ማቴዎስ ራሱ ተርጉሞልናል። ኢሳይያስ 7ን ግን ከመጀመሪያው ጀምራችሁ አንብባችሁታል? የሶርያና የእስራኤል ነገሥታት አብረው ኢየሩሳሌምን ሊወጉ መጥተዋል። የይሁዳ ንጉሥ የአካዝና የሕዝቡ ልብ፣ ነፋስ እንደሚያናውጠው የዱር ዛፍ ሆኗል። ኢሳይያስ አካዝን ያገኘው በላይኛው ኩሬ መስኖ አጠገብ ነው፤ ከበባ የሚጠብቅ ንጉሥ ውኃውን ሊያይ ወጥቶ ይሆናል። እዚያ ላይ «ባታምኑ አትጸኑም» አለው። በዕብራይስጡ ማመኑም መጽናቱም የተነገሩት ከአንድ ሥር በወጡ ቃላት ነው፤ በየጸሎታችን መጨረሻ የምንለው «አሜን» የበቀለው ከዚያው ሥር ነው። አካዝ ግን ከእግዚአብሔር ምልክት እንዲለምን ቢነገረው እንኳ አልለምንም አለ። ልቡ ያለው አሦር ዘንድ ነበር፤ ለአሦር ንጉሥም የእግዚአብሔርን ቤት ብርና ወርቅ እጅ መንሻ አድርጎ ላከ (2 ነገሥት 16)። አማኑኤል የሚለው ስም የተነገረው ለዚህ ሰው ነው። በምዕራፍ 8 የታመነበት አሦር እንደ ጎርፍ አገሩን ሞልቶ እስከ አንገት ሲደርስ ያው ስም እንደገና ይጠራል። ስለዚህ «እግዚአብሔር ከእኛ ጋር» ለሚያምን መጽናኛ ነው፤ መታመኛውን ሌላ ቦታ ላደረገ ደግሞ ፍርድ ነው። ማቴዎስ ስሙን ለኢየሱስ ሲሰጥ ይህን ሁሉ ይዞ ነው። ወንጌሉን የሚጨርሰውም «እኔም ከእናንተ ጋር ነኝ» በሚለው የጌታ ቃል ነው።

ሌላም የሚከነክነኝ አለ። የዕብራይስጥን ፊደላት አንድ በአንድ እየበተኑ፣ ከየፊደሉ ጥንታዊ ሥዕል ምስጢር የሚያወጡ ትምህርቶች በዝተዋል። ዮድ እጅ ነው፣ ዋው ችንካር ነው እያሉ ስቅለቱን ከእግዚአብሔር የዕብራይስጥ ስም (ዮድ፣ ሄ፣ ዋው፣ ሄ) ውስጥ ያነብባሉ። ዋው ኩላብ ማለት መሆኑ እውነት ነው፤ በዘፀአት 27 የአደባባዩ ምሰሶዎች ኩላቦች የሚጠሩት በዚሁ ቃል ነው። ነገር ግን ጌታም ሆነ ሐዋርያት አንድ ቃል እንኳ በዚህ መንገድ ሲፈቱ አናይም። መስቀሉ በወንጌል በግልጥ ተጽፏል፤ ፊደል ውስጥ ፈልጉልኝ አይልም። ጄምስ ባር የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1961 አጥብቆ እንደተሟገተው፣ የቃልን ትርጉም የሚወስነው የገባበት ዐረፍተ ነገር እንጂ ሥሩ ብቻ አይደለም።

ሥሩ የሚያበራበት ቦታ የለም ማለት ግን አይደለም። ርኅራኄ በዕብራይስጥ «ራኀሚም» ይባላል፤ ማኅፀን ደግሞ «ሬኄም»። በ1 ነገሥት 3 ሁለት ሴቶች በአንድ ሕፃን ተጣልተው ሰሎሞን ፊት ይቆማሉ። ሕፃኑ በሰይፍ ይከፈል ሲባል ራኀሚሟ የተላወሰባት እናቲቱ ናት፤ እኛ አንጀቷ ተላወሰ እንደምንለው። «ለእሷ ስጧት፣ ብቻ አትግደሉት» አለች። እዚህ ላይ ማኅፀኑ የሚታየው ታሪኩ ራሱ የእናት ስለሆነ ነው። ኢሳይያስ 49፥15ም ስለ እናት ሲናገር ይህንኑ ሥር ይጠቀማል። መዝሙር 103፥13 ግን «አባት ለልጆቹ እንደሚራራ» ሲል ግሱ የዚያው ሥር ነው። በየገባበት «ማኅፀን» ብሎ የሚተረጉም ሰው ይህን አባት ምን ሊያደርገው ነው?

በዚህ መንገድ መጀመር ለምትፈልጉ «ኄሴድ» የሚለውን ቃል ያዙ፤ መጽሐፋችን ብዙ ጊዜ ምሕረት ወይም ቸርነት ይለዋል። መጀመሪያ መጽሐፈ ሩትን በአንድ ቁጭታ ጨርሱትና ቃሉ የገባባቸውን 1፥8ን፣ 2፥20ንና 3፥10ን መልሳችሁ እዩ፤ ማን ለማን ምን እንዳደረገ ጻፉ። ቀጥሎ መዝሙር 136ን (በአንዳንድ ቅጂ 135 ነው) ጮክ ብላችሁ አንብቡ፤ ቃሉ በ26ቱም ቁጥሮች ይመላለሳል። ከዚያ ሆሴዕ 6፥6ን፣ ጌታ ይህንኑ ጥቅስ በማቴዎስ 9፥13 እና 12፥7 በማን ፊትና ስለ ማን እንደተናገረው ጭምር። መዝገበ ቃላቱን የምትከፍቱት ከዚህ በኋላ ነው።