በማስቲካ ፎቅ ይሠራል እንዴ?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? ቺካጎ የምትኖረው አክስቴ በቀደም በቪዲዮ ስንደዋወል ወንዝ ዳር የቆመ ነጭ ፎቅ አሳየችኝና «ይሄ የማስቲካ ገንዘብ ነው» አለችኝ። የቀለደችብኝ መሰለኝ። እዚህ ባለሱቁ ዝርዝር ሲያጣ የሚሰጠኝ ማስቲካ እንዴት ፎቅ ያሠራል? ለመሆኑ ማስቲካ ከምንድን ነው የሚሠራው? (ከአዳማ)

መልስ፦ አክስትህ አልቀለደችም። ፎቁ የሪግሊ ሕንፃ ይባላል። አንደኛው ወገን በ1921፣ ሁለተኛው በ1924 ተጠናቀቀ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። ያሠራው ዊልያም ሪግሊ የሚባል ነጋዴ ነው። እሱም ማስቲካን የጀመረው በመሸጥ ሳይሆን በመመረቅ ነበር።

ሰውየው የፊላደልፊያ ልጅ ነው። አባቱ የሳሙና ፋብሪካ ስለነበራቸው ገና በልጅነቱ ሳሙና እየዞረ ይሸጥ ነበር። በ1891፣ በ29 ዓመቱ፣ ቺካጎ ገባ። ኪሱ ውስጥ 32 ዶላር ብቻ ነበረው ይባላል። ሳሙናው እንዲሄድለት ቤኪንግ ፓውደር ይመርቅ ጀመር። ገዢው ቤኪንግ ፓውደሩን ወደደና ሳሙናውን ረሳው። ሪግሊም አልተከራከረም፤ ፊቱን ወደ ቤኪንግ ፓውደር አዞረ። በ1892 ደግሞ በእያንዳንዱ ጣሳ ላይ ሁለት ፓኬት ማስቲካ መረቀ። አሁንም ምርቃቱ ዋናውን በለጠው! ሌላ ነጋዴ ቢሆን «ዕቃዬን ናቁብኝ» ብሎ ያኮርፍ ነበር። እሱ በዓመቱ ጁሲ ፍሩትና ስፒርሚንት የተባሉ ማስቲካዎች ይዞ ገበያ ወጣ።

ብዙ ሰው የሪግሊን ሀብት ከማስታወቂያ ጋር ያያይዘዋል። እውነት ነው፣ በማስታወቂያ የሚያህለው አልነበረም። በ1907 የአሜሪካ ኢኮኖሚ ሲናጋ ሌላው ወጪ ሲቀንስ እሱ ተበድሮ ማስታወቂያ ገዛ። በ1915 ደግሞ በአሜሪካ የስልክ ማውጫ ላይ ስማቸው ለተመዘገበ ሁሉ ማስቲካ በነፃ በፖስታ ላከ። ወደ 1.5 ሚሊዮን አድራሻ ነው!

እኔ ግን ሱቅ ቆሜ ያደግኩ ሰው ነኝና የማደንቅለት ሌላ ነገር ነው። የትኛው ዕቃ ፊት ለፊት እንደሚቀመጥ የሚወስነው ባለሱቁ ነው። ፋብሪካው የፈለገውን ቢለፈልፍ፣ ባለሱቁ ዕቃውን ከጀርባ ከወሸቀው አለቀ። ሪግሊ ይህ ገብቶት ነበር። ብዙ ማስቲካ ለሚያዝ ባለሱቅ ሚዛን፣ የቡና መፍጫ፣ ሰዓት፣ ፋኖስ ይመርቅ ነበር። አስበው፣ ጠዋት ማታ ስኳር የምትመዝንበትን ሚዛን የሰጠህን ሰው ዕቃ እንዴት ትደብቃለህ?

ከዚያ በኋላ የቺካጎ ከብስ የቤዝቦል ቡድንን ያዘ፤ ካሊፎርኒያ አጠገብ ያለችውን የካታሊና ደሴትንም ገዛ። በ1932 ሲሞት ድርጅቱን የመራው ልጁ ፊሊፕ ነው። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጥሬ ዕቃ ሲያሳጣው ፊሊፕ አንድ ደፋር ነገር አደረገ። ጥራቱን ቀንሼ አልሸጥም ብሎ ያለውን ስፒርሚንት፣ ደብልሚንትና ጁሲ ፍሩት ለወታደሩ ሰጠ። ለአገሬው ሕዝብ ደግሞ ባዶ መጠቅለያ የሚያሳይ ማስታወቂያ ለቀቀ፤ «ይህን መጠቅለያ አስታውሱ» የሚል። የሌለ ዕቃ ማስተዋወቅ!

ድርጅቱን በ2008 ማርስ የተባለው የቸኮሌት ኩባንያ በ23 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ጠቀለለው። አክስትህ ያሳየችህ ሕንፃም በ2011 ለሌሎች ተሸጧል፤ የቀረው ስሙ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ ልምጣ። ድሮ ማስቲካ የሚሠራው ከዛፍ ነበር። በሜክሲኮ፣ በጓቲማላና በቤሊዝ ጫካ ሳፖዲላ የሚባል ዛፍ ይበቅላል። ሠራተኛው በገመድ ታስሮ ይወጣና ግንዱን በገጀራ ወዲህና ወዲያ እያጠማዘዘ ይበጣዋል። ነጭ ወተት በቦዩ ቁልቁል እየወረደ ከሥር ይጠራቀማል። ያ ወተት ሲፈላ ይጠጥርና ቺክል ይሆናል። ስኳርና ማጣፈጫ ሲገባበት ማስቲካ ነው። ከጦርነቱ በኋላ ግን ፋብሪካዎቹ ርካሽ ወደሆነው ሰው ሠራሽ ሙጫ ዞሩ። ዛሬ ባለሱቁ የሚሰጥህ በአብዛኛው የፕላስቲክና የሰው ሠራሽ ጎማ ዘመድ ነው። ስኳሩ ቶሎ ያልቃል፤ ሙጫው ግን ቀኑን ሙሉ ብታኝከው አይሟሟም።