የካምፑን የቀድሞ ልጆች ማሰባሰብ፦ ከደብተሩ ጀምሩ፣ ቢሮው ይደርሳል

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አየሁት። «ከ20 ዓመት በላይ በየክረምቱ ልጆች የምናሠለጥንበት የስፖርት ካምፕ አለን። የቀድሞ ሠልጣኞችን ማሰባሰብ አስበናል። ፈቃድ የሚወጣው ከማን ነው? ከየትስ እንጀምር?» ብለሃል። የመለሱልህ ሰዎች «ቴሌግራም ክፈቱ»፣ «ሎጎ አሠሩ» ብለው አልፈዋል። እኔ ጃን ሜዳ ላይ ክረምት ከክረምት ኳስ ስንራገጥ ካደግነው ልጆች አንዱ ነኝ። የቀድሞ ልጆቹን ማኅበር ያቋቋመው ኮሚቴ ውስጥም አለሁበት። እናንተም እንደኛ ገንዘብ የላችሁም፣ አሠልጣኛችሁ በነፃ ይሠራል፣ ሜዳው የራሳችሁ አይደለም ብዬ ነው የምመልስልህ።

1. የምዝገባውን ደብተር ፈልጉ። ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው አሠልጣኛችን በየክረምቱ የተመዘገበውን ልጅ ስም በእጃቸው ይጽፉ ነበር። ደብተሮቹ ከአሮጌ መረብ ጋር ኬሻ ውስጥ ተገኙ። አይጥ የጎበኛቸውም አሉ። ገጹን ሁሉ በስልክ ፎቶ አነሳን። ደብተር ላይ የተጻፈውን ዕድሜ ግን እንዳታምን። ከ15 ዓመት በታች ቡድን ለመግባት ያልዋሸ ልጅ አልነበረም። በደብተሩ ከሄድን ታላቅ ወንድሜ ታናሼ ነው! ስለዚህ በገቡበት ክረምት መድቧቸው። «የ97 ክረምት»፣ «የሚሊኒየሙ ዋዜማ ክረምት» ስትለው ሰው ወዲያው ትዝ ይለዋል። ውጭ ያሉት በፈረንጅ ስለሚቆጥሩ ያምታቱሃል፤ ዓመት ሲነግሩህ «በየትኛው አቆጣጠር?» በል።

2. ቅጽል ስም መዝግቡ። ፌስቡክ ላይ «ዳዊት» ብለህ ብትፈልግ አገር ምድሩ ዳዊት ነው። «ባቡሩ ዳዊት» ብለህ ግሩፕ ላይ ብትጽፍ ግን ሻይህን ሳትጨርስ ስልኩ ይላክልሃል። ያስቸገሩን ሴቶቹ ናቸው። ስልክ ቀይረዋል፣ ሰፈር ለቀዋል፣ ብዙዎቹ ዓረብ አገር ናቸው። የተገኙት በእናቶቻቸው በኩል ነው። ከሴቶቹ ቡድን የነበረች አንዷ ቤት ለቤት እየዞረች፣ ቡና እየጠጣች አገኘቻቸው። ይህን ሥራ ለወንድ አትስጡ። ወንድ «የሉም» ሲባል አመስግኖ ይመለሳል።

3. ፈቃድ። እዚህ ላይ ነው ቁስሌን የነካኸው።

መጀመሪያ የሄድነው ስሙን ወደማልጠራው አንድ ቢሮ ነው። ነገሩ ስፖርት ስለሆነ እነሱን ይመለከታል ብለን። ኃላፊው አንድ ቀን ስብሰባ ላይ ናቸው። ሌላ ቀን መስክ ወጥተዋል። የተገኙ ዕለት ቀና ብለው እንኳ ሳያዩን «ካምፑ ክለብ ነው አካዳሚ?» አሉ። ሁለቱንም አይደለም አልናቸው። «እንግዲያው እኛን አይመለከትም። ለማንኛውም ከወረዳ የድጋፍ ደብዳቤ አምጡ።» ወረዳው ደግሞ «መጀመሪያ እነሱ ይጻፉልን» አለ። የከፋው ጋሼን ይዘን የሄድን ቀን ነው። ስንቱን ልጅ ሰው ያደረጉትን ሽማግሌ፣ ኃላፊው «ይቀመጡ» እንኳ ሳይሉ «አባት፣ የአሠልጣኝነት ሰርተፊኬት አለዎት?» ብለው ጠየቋቸው። ጋሼ ቃል ሳይወጣቸው ባርኔጣቸውን አደረጉና ወጡ። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል። የሚገርምህ፣ የመጀመሪያውን የቀድሞ ልጆች ጨዋታ ስናዘጋጅ ያው ቢሮ ባነሩን ይዞ መጣ። በክብር እንግድነት! ንግግራቸው ከመጀመሪያው አጋማሽ ይረዝም ነበር።

በኋላ ሕጉን ራሳችን አነበብነው። አዋጅ ቁጥር 1113/2011 ይባላል። ማኅበር ለመመሥረት አምስት ሰው ይበቃል። መተዳደሪያ ደንብ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከሆናችሁ የሚመዘግባችሁ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለሥልጣን ነው። ክልል ከሆናችሁ፣ ሥራችሁም ከዚያ ካልወጣ፣ የክልላችሁን ጠይቁ። ከተመዘገባችሁ በኋላ በየዓመቱ የሥራና የሒሳብ ሪፖርት ማቅረብ ግዴታ ነው። ለዚህ ነው አትቸኩሉ የምለው። ለመጠያየቅና ለመጫወት ማንም ወረቀት አይጠይቃችሁም። ወረቀቱ የሚያስፈልጋችሁ ከድርጅት ድጋፍ ስትጠይቁና ባንክ በማኅበሩ ስም ሒሳብ ስትከፍቱ ነው። እስከዚያ በሦስት ሰው ስም የጋራ ሒሳብ ክፈቱ። ገንዘቡም በሁለት ፊርማ ይውጣ። በአንድ ሰው ቴሌብር መዋጮ እንዳትሰበስቡ፣ ሰውየው መልአክ ቢሆንም ይታማል።

4. ብዬ ስለ ስብሰባ ልጽፍ ነበር። ስብሰባ ግን ልጆቹን አላሰባሰበልንም። በ2012፣ በኮሮናው ጊዜ፣ አትክልት ተራ ወደ ጃን ሜዳ መዛወሩን ታስታውሳለህ። የተራገጥንበት ሜዳ የሽንኩርትና የቲማቲም ሆነ። ካምፑም ቆመ። በ2013 ገበያው ተነሥቶ ሜዳው ለጥምቀት ሲጸዳ ግሩፑ ላይ «አካፋ ያለው ይምጣ» ብለን ጻፍን። ከዚያ በፊት ስብሰባ ስንጠራ የምንመጣው እኛው ኮሚቴዎቹ ብቻ ነበርን። ያን ቀን ግን ለዓመታት ዓይናቸውን ያላየናቸው ሰዎች መጡ። የባንክ ሥራ አስኪያጁ ከታክሲ ሾፌሩ ጎን ቆሞ ቆሻሻ ዛቀ። ከዚያ ወዲህ ሰው የምንጠራው ለሥራ ነው። መረብ ለመስፋት፣ ጫማ ለማሰባሰብ፣ አንድ ቅዳሜ ከልጆቹ ጋር ለመዋል።

ውጭ ያሉትን እዚህ ባለው ሰዓት በዙም ለመሰብሰብ አትድከሙ። የአሜሪካዎቹ በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር ላይ ይገናኛሉ። ፌዴሬሽኑ በፈረንጅ ከ1984 ጀምሮ ያለ ነው፣ ውድድሩም በጁላይ 4 ሰሞን ይካሄዳል። ሰው ለዚያ ብሎ ከሥራ ፈቃድ ይወስዳል። የኛዎቹም ለአንድ ቀን ምሳ እዚያው ይቀጣጠራሉ። የዓረብ አገር እህቶቻችን ግን የራሳቸው ሰዓት የላቸውም። የድምፅ መልእክት ላኩላቸው፣ ሲመቻቸው ይመልሳሉ። ለኳስ መግዣ ቀድመው የላኩት እነሱ ናቸው። ከዋሽንግተን እስካሁን የደረሰን «በርቱ» የሚል ነው።

አንድ ነገር ቀረኝ። «ታዋቂ ተጫዋች ወጥቶልናል፣ በእሱ ስም እንጀምር?» ብለህም ነበር። ተው። ሁሉ ነገር እሱ ላይ ከቆመ ሌላው ራሱን እንደ ተራ ተመልካች ይቆጥራል። በቆጂን እየው። አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ እነ ደራርቱን፣ እነ ቀነኒሳን፣ እነ ጥሩነሽን ያሠለጠኑባት ከተማ ናት። የእነሱን ስም ዓለም ያውቀዋል። በዚያው ዳገት አብረው ሮጠው ዛሬ መምህር፣ ነርስ ወይ ገበሬ የሆኑት ግን ቁጥራቸው በብዙ ይበልጣል። ደብተራችሁን የሚሞሉትም እንደነሱ ያሉት ናቸው። ኮከባችሁን ግን ጥሩት። ማይክ እንዳትሰጡት፣ ፊሽካ ስጡትና ያጫውት። የኛው ባለፈው ለ97ቶቹ የሰጣቸው ፍጹም ቅጣት ምት እስከ ዛሬ ግሩፑን እያነታረከ ነው።