ፀሐይ በስንት ዓይነት ትጻፋለች?

ልጆቼ፣

በቅርቡ ከእናንተ አንዱ ደብረ ብርሃን ላይ አገኘኝና «ለበግ አርቢዎች ማኅበር መዝገብ ልሠራ ነው፤ የትኛው ዳታቤዝ ይሻለኛል?» አለኝ። የበጎቹን ብዛት ጠየቅሁት፤ ሁለት ሺህ አይሞሉም። እሱ ግን ሰርቨር፣ ማለትም ዳታቤዙን የሚያስተናግድ ሌላ ማሽን፣ ሊከራይ እያሰበ ነበር።

ለዚህ ሰርቨር አያስፈልግም። ፓይዘን ከተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጋር አብሮ የሚመጣው ትንሽ ዳታቤዝ፣ ዲቢኤም፣ ይበቃል። ነገሩ ተራ ፋይል ነው፤ በውስጡ ቁልፍ (የምትፈልጉበት ስም ወይም ቁጥር) እና እሴት (በእሱ ሥር የተጻፈው መረጃ) ይቀመጣል። ቁልፉን ስትሰጡት እሴቱን ይመልሳል፤ ከዚህ ያለፈ ጥያቄ አይገባውም። «ሁለት ዓመት የሞላቸውን እንስት በጎች አምጣ» ካላችሁት ሁሉንም እያገላበጣችሁ የምትለቅሙት ራሳችሁ ናችሁ። የዘሩ አባት ኬን ቶምሰን በቤል ላብራቶሪ የጻፈውና በ1979 እ.ኤ.አ. ዩኒክስ ከተባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ሰባተኛ እትም ጋር የወጣው ነው። በዚያ ላይ ቁልፍና እሴት ተደምረው ከ512 ባይት (የኮምፒውተር መረጃ መለኪያ) ማለፍ አይችሉም ነበር። የእኛ ፊደል ዛሬ በተለመደው የፊደል አቀማመጥ፣ በዩቲኤፍ-8፣ እያንዳንዱ 3 ባይት ስለሚወስድ፣ 170 ፊደል ላይ ያበቃልን ነበር ማለት ነው። በሊኑክስ የተለመደው የዲቢኤም ዓይነት፣ ጂዲቢኤም፣ ይህ ገደብ የለበትም።

እኔ የተቃጠልሁት በመጠኑ ሳይሆን በቁልፉ ነው። በወጣትነቴ መንዝ፣ መሐል ሜዳ ላይ እንዲህ ያለ መዝገብ ሠርቼ ነበር። ቁልፉን የባለቤቱን ስም አደረግሁት፤ ሰው በስሙ ነው የሚጠራው ብዬ። አንድ ቀን ስማቸው ፀሐይ የሆነ እናት መጡ። ጠዋት የመዘገባቸው ልጅ «ፀሐይ» ብሎ ነበር፤ ከሰዓት የተቀመጠው ደግሞ «ጸሀይ» ብሎ ፈለገ። ማሽኑ የለም አለ። ልጁም እንደ አዲስ፣ ያለ አንድ በግ መዘገባቸው። እሳቸው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው «ልጄ፣ በጎቼን ጅብ ሳይበላቸው ማሽንህ በላቸው?» አሉኝ።

ማሽኑ አልዋሸም። ዲቢኤም ቁልፉን እንደ እህል ይፈጨዋል፤ ከዱቄቱ አንድ ቁጥር ያወጣል፤ ቁጥሩ በፋይሉ የትኛው ገጽ ላይ እንደሚፈለግ ይነግረዋል። አንድ ፊደል ከተለወጠ ዱቄቱ ሌላ ነው፣ ገጹም ሌላ ሊሆን ይችላል። ለጆሯችን አንድ የሆኑት ፀ እና ጸ፣ ሐ እና ሀ ለእሱ ባዕዳን ናቸው። «ይህን ለማለት ፈልጋችሁ ይሆን?» የሚል ትሕትና የለውም።

ከዚያ የባሰው ሌላው ነው። በስምም በአባት ስምም የሚገጥሙ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ሁለተኛው ሲመዘገብ የመጀመሪያው ተሻረ፤ ማስጠንቀቂያም ድምፅም የለም። እስከ ክትባት ወቅት ድረስ ማንም አላወቀም። ስለዚህ ከመጻፋችሁ በፊት ቁልፉ መኖር አለመኖሩን ጠይቁ፤ አንድ መስመር ኮድ ነው።

ስም የግድ ቁልፍ ከሆነ፣ ፊደሉን አስቀድማችሁ ወደ አንድ አምጡት፦ ሐ እና ኀ ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ዐ ወደ አ፤ እንደ ሀ እና ሃ ያሉትንም አትርሱ። ባለቤቱ የሚወደውን አጻጻፍ ግን በእሴቱ ውስጥ ሳትነኩ አኑሩት፤ የሰው ስም ማረም የእኛ ሥራ አይደለም። እኔ በመጨረሻ ወደ በጉ የጆሮ ምልክት ቁጥር ዞርሁ። እሱም ቁጥቋጦ ላይ ተቀዶ ይወድቃል፤ ቢሆንም የወደቀውን ቁጥር ለሌላ በግ አለመስጠት በእጃችን ነው።

የቀረውን ባጭሩ፦ ፋይሉን ስትከፍቱ በምትሰጡት የአከፋፈት ፊደል «ሲ» (c) ያለውን ይከፍታል፣ ከሌለም ይፈጥራል፤ «ኤን» (n) ግን የነበረውን ሳይጠይቅ ባዶ ያደርገዋል። በአንዲት ፊደል ስህተት የሳምንት ሥራ አጥፍቻለሁ። ስትጨርሱ ዝጉት፤ መብራት የሚጠፋበት አገር ነው ያለነው። ሲመልስላችሁ ባይት ነው የሚሰጣችሁ፤ ወደ ጽሑፍ መፍታቱ የእናንተ ፈንታ ነው። በጂዲቢኤም ደግሞ በአንድ ጊዜ የሚጽፍ አንድ ብቻ ነው፤ ሁለት ጸሐፊ ካላችሁ ያን ጊዜ ሌላ ነገር ፈልጉ።

እኚያን እናት ይቅርታ ጠይቄ መዝገባቸውን አንድ ካደረግሁ በኋላ፣ ስማቸው በየትኛው ፀ እንዲጻፍ እንደሚፈልጉ ጠየቅኋቸው። «እኔ ፊደል አልቆጠርሁም ልጄ፤ በጎቹን ቁጠርልኝ» አሉኝ።