ቦይለር ከመግዛትሽ በፊት ነጭ ሻሽ እሰሪበት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ከሻወሩ ሙቅ ውሃ ጋር ነጭ ቅርፊትና ደቃቅ ነገር ይወጣል ብለሻል። ቧንቧ ሠራተኛው «ቦይለሩ አልቆለታል፣ አዲስ ግዢ» አለሽ። ተከራይ ስለሆንሽ አከራይሽን መጠየቅ ፈርተሻል። እኔም ቃሊቲ አካባቢ ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ ስኖር ይኸው ደርሶብኛል፣ የተነገረኝም ያው ነበር። እባክሽ አንድ ብር ከማውጣትሽ በፊት የሚወጣው ነገር ምን እንደሆነ ለዪ።

እኔ ያደረግኩት እንዲህ ነው። አሮጌ ነጭ ሻሽ ቀደድኩና ቀዝቃዛው ቧንቧ አፍ ላይ በላስቲክ አሰርኩት። ከሥር ባልዲ አስቀምጬ አምስት ደቂቃ ያህል ለቀቅኩት። ከዚያ በሌላ ቁራጭ ሙቁን እንዲሁ አደረግኩ። ሙቁን ስትሞክሪ እጅሽን እንዳያቃጥልሽ ቀስ ብለሽ ክፈቺው። በሁለቱም ሻሽ ላይ ቆሻሻ ከቀረ ችግሩ የቦይለሩ ብቻ አይደለም፣ ከታንከሩ ወይም ከመስመሩ ነው የሚመጣው። በሙቁ ብቻ ከቀረ ግን ቦይለሩን ወይም ከቦይለሩ በኋላ ያለውን መስመር ተመልከቺ።

ቀጥሎ የቀረውን ነገር ሲኒ ውስጥ አድርጊና አቼቶ አፍስሺበት። አረፋ እያወጣ ከሟሟ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ነው፣ ካልሲየም። ቡናማ ሆኖ አረፋ ካላወጣ ዝገት ወይም አፈር ይሆናል። ጥቁር ሆኖ ጣት ላይ እንደ ጥላሸት የሚቀባ ከሆነ ደግሞ የፍሌክሲብሉ (ቦይለሩን ከመስመሩ የሚያገናኘው ተጣጣፊ ቱቦ) ወይም የጎሚኒው (መጋጠሚያው ላይ የሚገባው ማሸጊያ) ላስቲክ እየተፈረፈረ ሊሆን ይችላል። ያ ከሆነ ፍሌክሲብሉን ወይም ጎሚኒውን መቀየር ብቻ ይበቃሻል። ከቦይለር ዋጋ ጋር አይወዳደርም።

የእኔው አረፋ አወጣ። ምክንያቱ ቆይቶ ነው የገባኝ። አዲስ አበባ የሚደርሰው የለገዳዲና የገፈርሳ ውሃ በአብዛኛው የግድብ ውሃ ነው። እኛ ጋ የሚመጣው የአቃቂው ግን ከጥልቅ ጉድጓድ የሚወጣ ነው። የጉድጓድ ውሃ በድንጋይ ውስጥ ሲያልፍ ማዕድን ይዞ ይመጣል። ቀዝቃዛ ሲሆን ማዕድኑ ሟሙቶ ስለሚቆይ አይታይም። ሲሞቅ ግን ይለይና ሬዚስታንሱ፣ ማለትም ውስጥ ያለው ውሃውን የሚያሞቀው ብረት፣ ላይ ይጋገራል። ቦይለርሽ ሲሞቅ እንደሚፈላ ማንቆርቆሪያ ሲንሿሿ ሰምተሽ ከሆነ ይኼው ነው። የተጋገረው እየተላጠ ከውሃው ጋር ይወጣል። ሬዚስታንሱ ስለተሸፈነም ውሃው ለመሞቅ ይቆያል፣ መብራቱም በከንቱ ይበላል።

ይኼ የሚጠረግ ነገር ነው። ግን ራስሽ እንዳትከፍቺው አደራ እልሻለሁ። ውሃና ኤሌክትሪክ አንድ ላይ ያሉበት ዕቃ ነው። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ጥሪና አጠገቡ ቁሚ። መጀመሪያ ብሬከሩን ያጥፋ፣ ውሃው እስኪቀዘቅዝ ይጠብቅ፣ ቀዝቃዛው የሚገባበትን ቫልቭ ይዝጋ፣ ከዚያ ያራግፈው። የእኔ ሲከፈት ሬዚስታንሱ እንደ በቆሎ ራስ ወፍሮ ነበር። ከታች ግማሽ ጆግ የሚሆን ነጭ ጠጠር ወጣ። እንደገና ሲገጠም ጎሚኒው አዲስ ይሁን። ቦይለሩ ሞልቶ ከሙቁ ቧንቧ ውሃ ያለማቋረጥ እስኪወርድ ድረስ መብራት እንዳይለቅበት። ባዶውን ከተለቀቀ ሬዚስታንሱ ይቃጠላል።

እግረ መንገድሽን ቦይለሩ ውስጥ ያለውን የማግኒዥየም ዘንግ እንዲያሳይሽ ጠይቂው። ብረቱን ከዝገት የሚጠብቀው እሱ ነው፣ በራሱ እያለቀ። ብዙ ሰው መኖሩንም አያውቅም። አልቆ ከሆነ ይቀየር። ከቦይለሩ ሆድ ዕቃ ዝገት እየወጣ፣ አካሉም ማንጠባጠብ ከጀመረ ግን ያኔ በእውነትም አልቆለታል። ቦይለሩ ሲሞቅ ከሴፍቲ ቫልቩ፣ ግፊቱን ከሚያስተነፍሰው፣ ጠብ ጠብ የምትለዋ ውሃ ግን ጤነኛ ናት። በፍጹም እንዳትደፍኛት።

ታንከሩን አትርሺው። እኛ ጋ ውሃ በፈረቃ ነው። ጠፍቶ ሲመጣ የመጀመሪያው ውሃ የደፈረሰ ነው፣ ደለሉም ታንከሩ ሥር ይተኛል። ታንከሩ ወደ ባዶነት ሲጠጋ ያ ደለል ተስቦ ወደ ቦይለሩ ይገባል። ታንከሩ ካልታጠበ ቦይለሩን ብታስጠርጊም ተመልሶ ይሞላል።

አሁን ወደ አከራይሽ ልምጣ፣ ከሁሉም ያሳሰበኝ እሱ ነውና። አከራዬ ትልቅ ሴት ነበሩ። መጀመሪያ በስልክ ስነግራቸው «ስትገቢ ደህና ነበር» አሉኝ። ከፋኝ። አልተጨቃጨቅኩም ግን። ሻሹንና በብርጭቆ ያጠራቀምኩትን ጠጠር ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። አቼቶውን ፊታቸው አፈሰስኩበት። ዝም ብለው አዩና «ስንት ይጠይቃል?» አሉ። የባለሙያውን ሒሳብ እኔ ከፍዬ ከቀጣዩ ወር ኪራይ እንዲቀነስ ተስማማን። በወረቀት ጽፈን ፈረምን። ያቺ ወረቀት አስፈላጊ ናት፣ በቃል ብቻ አትተዪው።

ብጠይቅ ኪራይ ይጨምሩብኛል፣ ያስወጡኛል ብለሽ የፈራሽው ይገባኛል። ሁላችንም ፈርተን ኖረናል። የቤት ኪራይ አዋጁ፣ ቁጥር 1320/2016፣ ውል በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብና ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ይላል። አከራይ ባሻው ጊዜ ኪራይ እንዲጨምርም አይፈቅድም። ውልሽ ካልተጻፈና ካልተመዘገበ ቅድሚያ እሱን ጨርሺ። የቦይለሩን ሁኔታና የሚያስጠግነው ማን እንደሆነም አስገቢበት።

እስኪጠረግ ድረስ ለምግብና ለሕፃን ወተት ከሙቁ ቧንቧ አትቅጂ። ቀዝቃዛውን ቀድተሽ አፍዪ። የሻወሩን ራስ ፈትተሽ አቼቶ ውስጥ አሳድሪው፣ ቀዳዳዎቹ ይከፈታሉ። የቦይለሩን ሙቀትም 60 ዲግሪ አካባቢ አድርጊው፣ በጣም ሲግል የሚጋገረው ይብሳል።

ዛሬ ማታ ሁለቱን ሻሾች ሞክሪና ፎቶ አንስተሽ እዚሁ ለጥፊው። አይቼ የመሰለኝን እነግርሻለሁ።