እኔ ወለል እወለውላለሁ፣ እሱ ጣና ዳር ይቀመጣል

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበቱ?

አምድዎን ከሥራ መልስ አነባለሁ። የሰው ችግር አንብቤ «ይሄማ ቀላል ነው» እል ነበር። አሁን ተራው የእኔ ሆነ።

የ34 ዓመት ሴት ነኝ። የምንኖረው ባሕር ዳር ነው። እኔ በአንድ የግል ድርጅት የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ባለቤቴ የራሱን ባጃጅ ይነዳል። የ7 ዓመት ሴት ልጅ አለችን። ዘንድሮ ሁሉም ነገር ተጠራርቶ መጣ። አከራያችን ኪራይ ጨመሩብን። ሰኔ ነውና የሒሳብ መዝጊያ ላይ ነን፤ አለቃዬ ደግሞ የለቀቀች ልጅ ሥራ ደርቦ ሰጠኝ። እናቴ ስኳር አለባት፣ መድኃኒቷን የምገዛው እኔ ነኝ። ቤንዚን ሲጠፋ ባለቤቴ ግማሽ ቀን ሰልፍ ላይ ይውልና ባዶ እጁን ይገባል።

እኔ ታዲያ እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። ማታ ልጄን አስተኝቼ ወለል እወለውላለሁ። ልብስ አጥባለሁ። የታጠበ ሳህን እንደገና የማጥብበት ቀንም አለ። ከዚያ አልጋ ላይ ሆኜ ቲክቶክ ሳይ ሌሊቱ 7 ሰዓት ይሆናል። ጠዋት 11 ተኩል እነሳለሁ። ምሳ አብዛኛውን ጊዜ አልበላም። በሥራ ቦታ ሦስት ስኒ የጀበና ቡና እጠጣለሁ፤ 11 ሰዓት ስወጣ መንገድ ላይ አንድ እደግማለሁ፤ ያለሷ ቤት የምደርስ አይመስለኝም። ጭንቀቴን ለማንም አልተነፈስኩም። ለእናቴ ብነግራት ስኳሯ ይነሳባታል። ለባለቤቴ ደግሞ እያየው ምኑን ልንገረው? ሆድ ይፍጀው ብዬ ይዤዋለሁ።

እሱስ? 12 ሰዓት ላይ ባጃጁን አቁሞ ጣና ዳር ይሄዳል። ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ውሃ ያያል! በቃ፣ ሌላ ሥራ የለውም። አንድ ቀን ከልጄ ጋር ሳልፍ አየሁት፤ ሆዱን ይዞ ይስቃል። 1 ሰዓት ተኩል ላይ እያፏጨ ይገባል። ያንን ፉጨት ስሰማ ደሜ ይፈላል። ኪራዩ የተጨመረው በእኔ ላይ ብቻ ነው እንዴ?

ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ጫት አለ። «ሳምንቱን ሙሉ ለፍቼ ይህን ያህል እንኳ ልዝናና» ይላል። ማታ እራት አይበላም። ሌሊቱን ሲገላበጥ ያድራል። እሁድ ሰው አያናግርም።

ባለፈው ሳምንት ልጄ የወለወልኩት ወለል ላይ ወተት አፈሰሰች። ጮህኩባት። ከዚያም መታኋት። መትቻት አላውቅም ነበር። ማታ አባቷን «እማዬ ዛሬም ተቆጥታለች?» ብላ በሹክሹክታ ስትጠይቀው ሰማሁ። ከዚያ ወዲህ ጨጓራዬ ብሶብኛል። ጠዋት ስነሳ መንጋጋዬን ያመኛል፤ ነክሼ የማድር መሰለኝ። አንዳንዴ ሁሉንም ጥዬ ብጠፋ እላለሁ።

ይህን ሰው እንዴት አድርጌ ኃላፊነት እንዲሰማው ላድርገው? በቤቱ ጠንካራዋ እኔ ነኝ። ግን ደከመኝ።

ደከመኝ፣ ከባሕር ዳር

* * *

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መጀመሪያ ሳነበው አብሬሽ ባልሽን ተቆጣሁ። ሁለተኛ ሳነበው ግን ፉጨቱ ደስ አለኝ። አትቀየሚኝ፣ እመጣበታለሁ።

አስቀድሜ ግን አንድ ቃልሽን ልያዝ። «ሁሉንም ጥዬ ብጠፋ» ብለሻል። ዘመድ ቤት ሄጄ ሦስት ቀን በተኛሁ ማለትሽ ከሆነ፣ ሂጂና ተኚ። ባልኖርኩ ማለትሽ ከሆነ ግን የዚህን አምድ መልስ የምትጠብቂበት ነገር አይደለም። ለባለቤትሽ ወይም ለምታምኚው ሰው ዛሬውኑ በግልጽ ንገሪ፤ ብቻሽንም አትሁኚ። ከተማችን ባሉት ሪፈራል ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። እዚያ የሚሄደው ጨርቁን የጣለ ብቻ ነው የሚባለው የሰፈር ወሬ ነው። ፀበል የምትሄጂ ከሆነም ሂጂ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም።

አሁን ወደ ወለሉ እንመለስ።

አለቃሽ ሥራ ደርቦ ሲሰጥሽ ሰውነትሽ ጅብ የመጣበት ነው የሚመስለው። አድሬናሊን ይረጫል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ምግብ መፍጨቱ ዝግ ይላል። ለጅብ ጥሩ ነው፤ ትሮጪያለሽ፣ ያልፋል። ከቤት ኪራይ ግን ሮጦ ማምለጥ የለም፤ በየወሩ ይመጣል። ስለዚህ ሰውነትሽ ተወጥሮ ይውላል፣ ተወጥሮ ያድራል። የመንጋጋሽም ሕመም ከዚያው ሳይሆን አይቀርም።

ይህን ውጥረት ሁላችንም የምናስታግስበት መላ አለን። ጥሩውን ከመጥፎው የምለየው በማግስቱ ጠዋት ነው። መላው ትንሽ አሳርፎሽ ወደ ጉዳይሽ ከመለሰሽ ጥሩ ነው። ጉዳይሽን እዚያው አስቀምጦ በላዩ ሌላ ጣጣ ከጨመረብሽ መጥፎ ነው፤ የቱንም ያህል የጨዋ ሥራ ይምሰል። ወለል መወልወል የባለሙያ ሴት ሥራ ይመስላል። ድንጋይ ላይ መቀመጥ የሥራ ፈት ይመስላል። መልካቸውን ተይውና ጠዋታቸውን እዪ።

መወልወል በራሱ ምንም አይደለም። እጅ ሲሠራ ሐሳብ ይረጋል። እኔ ራሴ ከሰው ተጣልቼ ቁም ሣጥን ሙሉ ልብስ አውጥቼ ያጣጠፍኩበት ቀን አለ፤ ቀሎኛል፣ ተኝቻለሁ። የታጠበ ሳህን እንደገና ሲታጠብ ግን ነገሩ ከሳህኑ አልፏል። አልጋውን እየሸሸሽ ነው፤ ሐሳቡ እዚያ ይጠብቅሻላ። ከዚያ ቲክቶኩ ይቀጥላል። ከ5 ሰዓት ያነሰ እንቅልፍ የተኛ ሰው የፈሰሰ ወተት ሲያይ ወተት ብቻ አይደለም የሚታየው።

ስለ ቡና ክፉ ብናገር ዘጌዎች ይቀየሙኛል። ግን ሒሳቡን ላስላልሽ፣ የሙያሽ ነው። የጠጣሽው ካፌን ግማሹ ከሰውነትሽ ለመውጣት በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል። የ11 ሰዓቷ ስኒ ማታ 4 ሰዓት ላይ ገና ግማሿ አለች። የመጨረሻዋን ወደ 8 ሰዓት አምጪያት። ከምሳ በኋላ ትሁን፤ በዚያው ምሳ ትበያለሽ ማለት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አሳዘነኝ። አራት ስኒ ጠጥተሽ አንድም ቡና አልጠጣሽም። የእኛ ቡና እኮ መድኃኒትነቱ ወሬው ነው። አቦል ላይ ስለ ገበያ ይወራል፣ ቶና ላይ ስለ ሰው ይታማል፣ በረካ ላይ ሲደረስ አንዷ «እኔማ ምን ልበላችሁ» ብላ ሆዷን ትዘረግፋለች። አንቺ ካፌኑን ወስደሽ በረካውን ተውሽው። ሆድ ይፍጀው አልሽ፤ እሱ ግን አንቺን እየፈጀሽ ነው። ለዚህ ጨጓራሽ ምስክር ነው። ጎረቤት አንዲት የምታምኛት ሴት አታጪም። እሁድ ጀበና ጥደሽ ጥሪያት።

ወደ ባልሽ ልምጣ። ጣና ላይ ታንኳ ሲያርፍ አይተሽ ታውቂያለሽ። ቀዛፊው ሥራውን ሲጨርስ ከውሃ ያወጣውና ፀሐይ ላይ ያቆመዋል። ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ ካልደረቀ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል፣ ከዚያ ይሰምጣል። የቆመውን ታንኳ አይቶ «ይሄ ሥራ ፈት» የሚል የለም። ባልሽ በየማታው ለአንድ ሰዓት ተኩል እየደረቀ ነው። ከሰው ጋር ነው፣ ይስቃል፣ ነፋስ ይመታዋል፣ ገንዘብ አያወጣም፣ በሰዓቱ ይገባል። በማግስቱ ያንኑ ሰልፍ ይሰለፋል። መላው ጤነኛ ነው፤ ፉጨቱ ደስ ያለኝም ለዚህ ነው።

ግን ሳልወቅሰው አላልፍም። እሱ የሚደርቀው አንቺ ውሃ ውስጥ ቀርተሽ ነው። በዚያ ሰዓት ልጅቷን የያዘው ማነው? ወጡን የጣደው ማነው? በሳምንት ሁለት ማታ እሱ ቤት ይሁን፣ አንቺ ውጪ። የትም ሂጂ፤ ዘንባባ ጥላ ሥር ዝም ብለሽ ብትራመጂም ይበቃል። መጀመሪያ ላይ የምትሰርቂ ሊመስልሽ ይችላል። ይለመዳል።

የቅዳሜው ጉዳይ ሌላ ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር አነቃቂ ነው፤ ቅጠሉ ሲደርቅ ኃይሉን ያጣል፣ እርጥቡን የሚቅሙትም ለዚሁ ነው። የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፣ ልብ ያፈጥናል፣ እንቅልፍ ይነሳል። ምርቃናው ሲወርድ ደግሞ ሰው ይጫጫነዋል፣ ይነጫነጫል። እሁድ የሚዘጋሽ ጠልቶሽ ላይሆን ይችላል ለማለት ነው። ጨብሲ ብሎ በቢራ ወይም በአረቄ ማብረድ ከጀመረ ግን ነገሩ ይብሳል። መጠጥ ቶሎ ያስተኛል፣ ከሌሊቱ እኩሌታ በኋላ ግን እንቅልፉን ይቆራርጠዋል። በማግስቱ ጠዋት ከለካነው የቅዳሜው መላ አያልፍም። «ተው» ብለሽ አትጀምሪው፤ እልህ ትጋባላችሁ። የጫቱን የወር ወጪ ከኪራዩ ጭማሪ ጎን ጽፈሽ ወረቀቱን ስጪውና ዝም በይ።

ሪቻርድ ላዛረስና ሱዛን ፎክማን የተባሉ የሥነ ልቦና ሊቃውንት በ1984 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የሰውን መላ በሁለት ከፍለውት ነበር። አንዱ ችግሩን መለወጥ ነው፣ ሌላው ልብን ማረጋጋት። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ጣጣው ቦታቸውን ስናቀያይር ነው። ስለ ቤንዚኑ ሰልፍ ሌሊቱን ሙሉ ታስቢያለሽ፤ አንድም ሰው አታሳጥሪውም። አከራያችሁን ግን አላናገርሻቸውም። ጭማሪው በሁለት ይከፈልልን፣ ወይም ከመስከረም ይጀምርልን ብትያቸው ቢበዛ እምቢ ይሉሻል። አለቃሽንም «ከሁለቱ ሥራ የቱ ይቅደም?» ብለሽ በጽሑፍ ጠይቂው። በጽሑፍ ያልኩሽ ሰኔ 30 ላይ ጥፋቱ አንቺ ላይ እንዳይደፈደፍ ነው።

ልጅሽን ይቅርታ ጠይቂያት። እናት ለልጅ ይቅርታ ከጠየቀች ትናቃለች የሚሉ አሉ፤ እኔ አልስማማም። «ደክሞኝ ነበር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» በያት። ጩኸቱ እንደገና ሲመጣብሽ እስከ 4 እየቆጠርሽ በአፍንጫሽ ሳቢ፣ እስከ 6 እየቆጠርሽ ቀስ አድርገሽ አስወጪ፤ አምስት ስድስት ጊዜ። ማስወጣቱ ሲረዝም ልብ ይሰክናል። ለጨጓራሽ ጤና ጣቢያ ሂጂ፤ ጭንቀት ነው ብለሽ አትተዪው፣ የሚታከም ሌላ ምክንያት ሊኖረው ይችላል።

ባልሽን «ኃላፊነት የለህም» ካልሽው ይከራከርሻል። «ልጃችንን መታኋት፣ ራሴን ፈራሁት» በይው። ይህን ለእኔ ከመጻፍሽ በፊት ለእሱ ነግረሽው ቢሆን ኖሮ ፉጨቱ ይህን ያህል ደምሽን ባላፈላው ነበር።

ዝናብ ካልጣለ አንድ ማታ ሦስታችሁም ጣና ዳር ሂዱ። የኪራይ ወሬ አይነሳ። ጥብስ ዓሣ ግዙና በእጃችሁ ብሉ። ልጅቷ ግን እግሯን ውሃው ውስጥ እንዳትነክር፤ ጣና ዳር ብልሃርዝያ አለ።