ያቺን ጠብታ ማን ድፈኑ አላችሁ?

ከደብረ ብርሃን የደረሰኝ ደብዳቤ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ እንደ አባት ይምከሩኝ። የምኖረው ከእናቴ ጋር ነው። ባኞ ቤታችን ውስጥ ባለ 80 ሊትር፣ 1,500 ዋት የኤሌክትሪክ ቦይለር አለን፤ አምስት ዓመቱ ነው። ውሃው የሚወርደው ጣሪያ ላይ ካለው ሮቶ ነው። ከኅዳር ወዲህ ቶሎ አይሞቅም፤ ምሽት 12 ሰዓት አብርተነው ገላ ለመታጠብ የሚበቃው ከ4 ሰዓት ተኩል በኋላ ነው። ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ደግሞ በበራ በሩብ ሰዓቱ ብሬከሩ ይወርዳል። እናቴ ቧንቧውን ስትነካ ‹ነዘረኝ› ትላለች፤ እኔን ነዝሮኝ አያውቅም። ከሥሩ ያለው ቫልቭ ያንጠባጥብ ነበር፤ የጠራነው ሠራተኛ ጫፉን ደፈነልንና ‹ዕቃው አርጅቷል፣ አዲስ ግዙ፤ እስከዚያው ብሬከሩን አልፌ በቀጥታ ላገናኝላችሁ› አለን። ምን እናድርግ?»

ልጄ፣ ይህን አንብበሽ ሳትጨርሺ ተነሺና የቦይለሩን ብሬከር አውርጂው። ከዚያ የሙቅ ውሃ ቧንቧውን ጥቂት ከፍተሽ ውስጡ የታመቀውን ግፊት አስተንፍሺ። ዕቃው አድሮ ሲቀዘቅዝ፣ ነገ ጠዋት፣ ከቫልቩ ጫፍ ላይ ያንን ድፍን ንቀዪው። እስኪጠገን ድረስ የእናትሽን ውሃ በምድጃ አሙቂላቸው። ብሬከሩን አልፎ በቀጥታ ላገናኝ ያለው ሰው ተመልሶ ቢመጣ ቡና አጠጪውና ሸኚው፤ ካቻቢቴውን ግን እንዳያወጣ።

አሁን ወደ ነገሩ እንግባ። አንቺ ሁሉንም የአንድ በሽታ ምልክት አድርገሽ አይተሽዋል። እኔ ግን ደብዳቤሽ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ጉዳዮች አያለሁ፦ አንዱ የመንገድ ኤሌክትሪክና የብርድ ጉዳይ ነው፣ አንዱ እውነተኛ ብልሽት ነው፣ አንዱ ደግሞ ጭራሽ ብልሽት አይደለም። የተደፈነው ይህ የመጨረሻው ነው።

ከንዝረቱ ልጀምር። ውሃውን የሚያሞቀው ሬዚስታንስ ከውጭ ሲያዩት የታጠፈ የብረት ወይም የመዳብ ቱቦ ነው። በውስጡ የሚግል ቀጭን ሽቦ አለ፤ በሽቦውና በቱቦው መካከል የተጠቀጠቀው ነጭ ዱቄት ሙቀቱን እያሳለፈ ኤሌክትሪኩን ያግዳል። ቱቦው በዝገት ተበልቶ ወይም ከውሃው የሚቀር ጠጣር ቅርፊት ጋግሮበት ከልክ በላይ እየጋለ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ካወጣ ውሃ ይሰርገዋል፤ ዱቄቱ ይረጥባል፤ ኤሌክትሪኩ ወደ በርሜሉ አካልና ወደ ውሃው ይሾልካል። በቀዝቃዛው ጊዜ የሚሾልከው ጥቂት ይሆንና ሬዚስታንሱ እየጋለ ሲሄድ ይጨምራል። የእናንተ ብሬከር ወዲያው ሳይሆን ከሩብ ሰዓት በኋላ መውረዱ ከዚህ ጋር ይገጥማል።

ብሬከሩን እይው። የላቲኑ «ቲ» ፊደል የተጻፈበት ትንሽ መሞከሪያ ቁልፍ ካለው፣ ሥራው የሚሾልከውን ኤሌክትሪክ መጠበቅ ነው፤ በቤት ውስጥ የሚገጠመው በአብዛኛው 30 ሚሊ አምፔር ሲሾልክ ይቆርጣል። ሰው ግን መነዘሩ የሚሰማው ከ1 ሚሊ አምፔር አካባቢ ጀምሮ ነው። ስለዚህ ብሬከሩ ሳይወርድ እናትሽ መነዘራቸው የሚገርም አይደለም። አንቺን ያልነዘረሽ ምናልባት ነጠላ ጫማ አድርገሽ ስለምትገቢ ይሆናል፤ እሳቸውስ በባዶ እግራቸው እርጥብ ሲሚንቶ ላይ አይቆሙም? ውሻ ሌሊት ሲጮህ ውሻውን አይመቱትም፤ ምን አይቶ እንደጮኸ ወጥተው ይመለከታሉ። ያ ሠራተኛ ሊያደርግ ያሰበው ግን ውሻውን ማሰር ነው።

ቁልፉ የሌለው ተራ ብሬከር ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር ጠርጥሪ። 1,500 ዋት በ220 ቮልት የሚጎትተው ወደ 7 አምፔር ብቻ ነው፤ ጤነኛ ባለ 16 አምፔር ብሬከር በዚህ አይደክምም። ሩብ ሰዓት ቆይቶ የሚወርድ ከሆነ አንዱ ቡሎን ላልቶ ሽቦው እየጋለ ሊሆን ይችላል፤ የጠቆረ ወይም የቀለጠ ላስቲክ ይታያል። ንዝረቱ ግን በዚህ አይፈታምና የሬዚስታንሱ ምርመራ አይቀርም።

ምርመራው ቀላል ነው፤ ግን ቴስተር የያዘና የሚያውቅ ሰው ይሥራው። ዋናው ብሬከር ወርዶ፣ የቦይለሩ የታች ክዳን ተከፍቶ፣ ኤሌክትሪክ አለመኖሩ በቴስተር ከተረጋገጠ በኋላ ሁለቱ ሽቦዎች ከሬዚስታንሱ ይለያዩ። በሁለቱ ጫፎች መካከል ሲለካ የ1,500 ዋት ሬዚስታንስ 32 ኦም ገደማ ማሳየት አለበት። ምንም ካላሳየ ተቃጥሏል። ቀጥሎ ከአንዱ ጫፍ ወደ በርሜሉ ብረት ይለካ፤ እዚህ ላይ ቴስተሩ ምንም ማሳየት የለበትም። ጥቂትም ቢሆን ካሳየ ሬዚስታንሱ ሾልኳል ማለት ነው። አንድ ነገር ግን አስታውሺው፦ በቀዝቃዛው ተለክቶ «ደህና ነው» የተባለ ሬዚስታንስ ሲግል ሌላ ነው። ብሬከሩ በወረደ ቅጽበት፣ ሙቀቱ ሳይበርድ ይለካ። ሜገር የሚባለው የመሾለክ መፈተኛ ያለው ሰው ካገኛችሁማ በ500 ቮልት ይፈትነዋል፤ ተራ ቴስተር ያላየውን ያያል።

እኔ በሩቅ ሆኜ ስገምት ሬዚስታንሱ አልቆለታል። ቦይለሩ ግን አላረጀም። በርሜሉ ራሱ ተበስቶ ከውጭው ቆርቆሮ ሥር ዝገት ያዘለ ውሃ የሚወርድ ከሆነ ያኔ ጥገና የለውም፤ ቢበየድም የውስጥ ሽፋኑ ተቃጥሎ በጥቂት ወር ይመለሳል። አንቺ ይህን አልጻፍሽልኝም። ሬዚስታንስና የጎማ ጓርኒሲዮን መለወጥ ከአዲስ ቦይለር ጋር የሚነጻጸር ወጪ አይደለም።

ሌላው የንዝረቱ ግማሽ የመሬት ሽቦው ነው። ቢጫና አረንጓዴው ሽቦ በትክክል መሬት ቢነካ ኖሮ የሚሾልከው ኤሌክትሪክ በእናትሽ እጅ በኩል ባልሄደ፣ ብሬከሩም ገና በመጀመሪያዋ ደቂቃ በወረደ ነበር። ብዙ ቤት ገብቼ ያየሁት፣ ሽቦው ቦይለሩ ላይ ታስሮ ማከፋፈያ ሳጥኑ ጋር ሲደርስ ተቆርጦ ተንጠልጥሎ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ከውሃ ቧንቧ ጋር ያስረዋል፤ ዛሬ ቧንቧው ፕላስቲክ ስለሆነ ይህ ከጌጥ አያልፍም። ሽቦው የሚታሰርበት የመዳብ ዘንግ፣ እርጥበት በማይለየው የግቢ ጥግ፣ አንድ ሜትር ተኩልና ከዚያ በላይ ጠልቆ ይቀበር። አዲስ ሬዚስታንስ ገብቶ ይህ ካልተሠራ የዛሬ አራት ዓመት ያንኑ ደብዳቤ ትጽፊልኛለሽ።

አሁን ስለ መዘግየቱ። «ቅርፊት ስለያዘ ነው የሚዘገየው» የሚል ሠራተኛ አይጠፋም፤ አትመኚው። ሬዚስታንሱ ውሃ ውስጥ ነው፣ ሙቀቱ ሌላ መሄጃ የለውም፤ ቅርፊት የሚጎዳው ራሱን ሬዚስታንሱን ነው። የእናንተን መዘግየት እስኪ በሒሳብ እንየው። በኅዳርና በታኅሣሥ ከሮቶው የሚወርደው ውሃ 12 ዲግሪ ነው እንበል። 80 ሊትሩን 60 ዲግሪ ለማድረስ አራት ተኩል ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይጠይቃል፤ በ1,500 ዋት ሦስት ሰዓት ማለት ነው። ይህ ግን መንገዱ 220 ቮልት ሲሰጥ ነው። ምሽት ላይ ምጣዱም፣ ምድጃውም፣ የጎረቤቱ ቦይለርም በአንድ ጊዜ ሲበራ ቮልቱ ወደ 180 ቢወርድ ያው ሬዚስታንስ የሚሰጠው 1,000 ዋት ብቻ ነው፤ ቮልቱ በአንድ አምስተኛ ገደማ ሲቀንስ ጉልበቱ በአንድ ሦስተኛ ይቀንሳልና። ሦስት ሰዓቱ አራት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ከ12 ሰዓት ጀምረሽ ቁጠሪ፤ የጻፍሽልኝ ሰዓት ላይ ይደርሳል! በአንድ ምሽት ሶኬት ላይ አስለኪውና ተመልከቺ። እንዲህ ከሆነ ሰው ምጣዱን ካወረደ በኋላ ወይም ቀን ላይ አብሪው፤ ልባሱ ጤነኛ የሆነ ቦይለር ሙቀቱን አሳድሮ ያቆያል። ለቴሌቪዥን የሚሸጠውን ስታቢላይዘር ግን አትግዢ፤ ይህን ሸክም አይችልም።

ብርዱን ሸሽተሽ ቴርሞስታቱን እስከ መጨረሻው አታዙሪው፤ 60 ላይ ይቁም። ከተማችሁ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ክፍት ድስት ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ንፍሮው አልበስል የሚለው ለዚሁ ነው። ቦይለር ውስጥ የሮቶው ግፊት ስላለ ውሃው ሳይፈላ ከዚያ ሊያልፍ ይችላል፤ ቧንቧው ሲከፈት ግን ግፊቱ ይወድቅና እንፋሎት ሆኖ ይተፋል። አንድ ቀን ቧንቧው እየተንተፋተፈ እንፋሎት ካወጣ ቴርሞስታቱ ተጣብቋል ማለት ነውና አጥፊው።

ወደ ጠብታዋ ተመለስኩ። 80 ሊትር ውሃ ከ12 ወደ 60 ዲግሪ ሲሞቅ ከአንድ ሊትር በላይ ይጨምራል። ይህ ትርፍ ውሃ የት ይሂድ? ወደ ሮቶው እንዳይመለስ ቫልቩ ውስጥ ያለው የአንድ አቅጣጫ በር ያግደዋል፤ ቧንቧው ተዘግቷል። የቀረው መንገድ ግፊቱ በአብዛኛው 8 ባር ሲደርስ የምትከፈተዋ ትንሽ ቀዳዳ ናት። ሲሞቅ ብቻ የምታንጠባጥብ ከሆነ ሥራዋን እየሠራች ነው። ተደፍና ሳለ በየምሽቱ ስታሞቁት የኖረው በርሜል ብየዳው አለመሰንጠቁ የእግዚአብሔር ቸርነት ነው። በቀዝቃዛውም፣ ሌሊትም ቀንም የምትፈስ ከሆነ ደግሞ ጥፋቱ የግፊት አይደለም። ሦስት ሜትር ከፍ ብሎ የተቀመጠ ሮቶ የሚሰጠው 0.3 ባር ብቻ ነውና፣ በሩ ላይ አሸዋ ተቀምጦ ይሆናል፤ ማንሻውን ሁለት ሦስት ጊዜ ከፍ ዝቅ ስታደርጊው ታጥቦ ይሄዳል። ካልሆነ ቫልቩ ይለወጣል። የጠብታውን ቱቦ ወደ ውጭ አታውጡት፤ የታኅሣሥ ውርጭ ጫፉን በበረዶ ደፍኖት ያገኘሁበት ቤት አለ።

ሬዚስታንሱ ሲለወጥ እንዲህ ይሁን። ኤሌክትሪኩ ይጥፋ፣ ውሃው ይቀዝቅዝ፣ የመግቢያው ቁልፍ ይዘጋ፣ የሙቅ ውሃ ቧንቧው አየር እንዲያስገባ ይከፈት፣ ከሥር በጎማ ቱቦ ይንቆርቆር። ሬዚስታንሱ ከወጣ በኋላ አሮጌውን ይዘሽ ሱቅ ሂጂ፤ ርዝመቱ፣ የመያዣው ክብ ስፋትና ዋቱ አንድ መሆን አለበት። እዚያው ካጣሽ መርካቶ የሚወርድ ሰው አይጠፋም፤ ዕቃውን አስይዢው እንጂ በቃል አትላኪው። በርሜሉ ሥር የተጠራቀመው ቅርፊት በእጅ ይዛቅ፤ የጠነከረው አቸቶ ውስጥ ይረስርስ። በመሮ እንዳይነካ፤ የውስጥ ሽፋኑ ከተፈነቀለ ዝገት ይጀምራል። አብሮ የሚወጣው የማግኒዚየም ዘንግ በርሜሉ እንዳይበላ ቀድሞ የሚበላ ነው፤ መሐሉ ያለው ሽቦ ከታየ ይለወጥ። ጓርኒሲዮኑ አዲስ ይሁን፤ ቡሎኖቹ በዙር ሳይሆን ፊት ለፊት እየተሻገሩ ይጥበቁ።

ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ስህተት እኔም ሠርቼዋለሁ። ከዓመታት በፊት መንዝ ውስጥ መሐል ሜዳ በምትባል ከተማ አንድ ቤት ሬዚስታንስ ለውጬ፣ ብርዱ እጄን አድርቆት ቶሎ ወደ እሳቱ ለመጠጋት ስጣደፍ፣ በርሜሉ ሳይሞላ አበራሁት። አዲሱ ዕቃ በደቂቃዎች ተቃጠለ፤ ሁለተኛውን ከኪሴ ገዛሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ውሃ ይለቀቅ፣ የሙቅ ውሃ ቧንቧው ተከፍቶ ይጠበቅ፤ አየሩ እየተንተፈተፈ ወጥቶ ውሃው ሳይቆራረጥ ሲወርድ ብቻ ብሬከሩ ይነሣ። ሮቶው ባዶ በሆነበት ቀን ይህን ሥራ አትጀምሩት።

ሲያልቅ የ«ቲ» ቁልፏን ተጫኚ፤ ብሬከሩ ወዲያው መውረድ አለበት። ከዚያ መልሰሽ አንሺው። በመጀመሪያው ምሽት ቫልቩ ጠብ ጠብ ማለት ይጀምራል፤ አንድ ሁለት ሊትር የምትይዝ ጣሳ ከሥሩ አስቀምጪለት።