ቅርስ ቁፋሮ ለምትጀምሩ ልጆቼ፦ ስለ አፈር

አርኪዮሎጂ ልማር ብሎ የሚመጣ ወጣት ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለሚገኘው ነገር ነው። መልሴ ብዙዎቻችሁን ቅር ያሰኛል፤ አብዛኛውን ቀን የምናገኘው አፈር ነው። በሙያችን የከፋው ጥፋት የሚደርሰውም ይህን አፈር ለመጥረግ ስንቸኩል ነው።

በእንግሊዝ አገር፣ በግሎስተርሻየር ገጠር የሚገኘውን የቼድዎርዝን የሮማውያን ቪላ እንመልከት (ዘመኖቹን የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ቪላ የባለጸጋ የገጠር መኖሪያ ነው፤ የቼድዎርዙ ከወለሉ ሥር በሚዘዋወር ትኩስ አየር የሚሞቁ ክፍሎችና መታጠቢያዎች ነበሩት። በ1864 ተገኝቶ ጄምስ ፋረር የተባሉ የጥንታዊ ቅርስ ወዳጅ አስቆፈሩት። ወለሉ ሲገለጥ ሰው ሁሉ ተደነቀ፤ የሚያስደንቅም ነው። በመመገቢያ አዳራሹ ሞዛይክ፣ ማለትም ከጥቃቅን ባለ ቀለም ድንጋዮች በተነጠፈው ወለል ላይ፣ ወቅቶች በሰው አምሳል ተሠርተዋል። የብርዱ ወቅት ባለ ቆብ ካባ ደርቦ፣ ጥንቸልና ቅጠሉ የረገፈ ቅርንጫፍ ይዟል። ካባውን ልብ ብላችሁ እዩት፤ ያን ሥዕል ያሰበ ሰው የብሪታንያን ብርድ በሚገባ ያውቀዋል።

ከወለሉ በላይ የነበረው አፈር ግን በወጉ ሳይመዘገብ ተጣለ። ጣሪያው መቼ እንደወደቀ፣ ጌቶቹ ከሄዱ በኋላ በክፍሎቹ ውስጥ እሳት ያነደደ ሰው ይኑር አይኑር ሊነግረን የሚችለው እርሱ ነበር። የዚያን ጊዜ ሰዎች ዕውቀታቸው እዚያ ድረስ ስለነበረ አልፈርድባቸውም። እናንተ ግን ይህ ምክንያት የላችሁም።

ደግነቱ ሁሉም አልተጠረገም። ቪላውን የሚያስተዳድረው ናሽናል ትረስት በ2017 በሰሜኑ ክንፍ፣ 28 ቁጥር በተሰጠው ክፍል ሲያስቆፍር ከአንድ ግድግዳ መሠረት ውስጥ ከሰልና አጥንት ተገኘ። የከሰልንና የአጥንትን ዕድሜ በሚገምተው የካርቦን 14 ዘዴ ሲመረመር ግድግዳው ከ424 ዓ.ም. በፊት ሊሠራ እንደማይችል ታወቀ፤ የክፍሉ ሞዛይክ ደግሞ ከዚያ በኋላ የተነጠፈ ነው። የሮማ አስተዳደር በብሪታንያ ያከተመው በ410 ገደማ መሆኑን አስታውሱ። ከዚያ በኋላ የከተማውም የቪላውም ኑሮ ወዲያው ፈረሰ ይባል ነበር። እዚህ ግን ግዛቱ ካበቃ በኋላ ክፍል በግድግዳ የሚለይና ሞዛይክ የሚያስነጥፍ ባለቤት ነበር! ንድፉ ላይ ስሕተቶች ይታያሉ፤ የቀድሞው ጥበብ እየደከመ ነበር ማለት ነው። ለእኔ ከወቅቶቹ ሥዕል ይልቅ ይህ ስሕተት ያለበት ወለል ይበልጣል።

እንዲህ ያለውን ማስረጃ የምታተርፉት በእጃችሁ ጠባይ ነው። የአፈሩ ቀለም ወይም ጥንካሬ ከተለወጠ መፋቂያችሁን አሳርፉና ሣሉ፣ ለኩ፣ ጻፉ። እያንዳንዱን ገል ከወጣበት ንብርብር ቁጥር ጋር ለየብቻ አኑሩ። ያረጀ አጥንት ወደ አዲስ መሠረት ሊገባ እንደሚችልም አትርሱ፤ ስለዚህ የተገኘው ዘመን "ከዚህ በፊት አይደለም" ከማለት አያልፍም። ከዚያ በላይ እንዲናገር አታስገድዱት።

የውጭ አገር ነገር ነው ብላችሁ አትለፉት። ቪላው በደመቀበት በ4ኛው መቶ ዘመን አክሱም ላይ ንጉሥ ኢዛና በሳንቲሙ መስቀል ያስቀርጽ ነበር። በቼድዎርዝም በምንጩ ገንዳ ድንጋይ ላይ የክርስቶስ ስም መነሻ የሆኑት ሁለት የግሪክ ፊደላት ተቀርጸው ተገኝተዋል። አክሱም ለመቆፈር የታደላችሁም የምትጠብቁት ያንኑ ዘመን፣ ያንኑ ዓይነት አፈር ነው።

አንድ የሚከብዳችሁ ነገር ልጨምር። ቁፋሮው ሲያልቅ ያገኛችሁትን መልሳችሁ እንድትቀብሩ ትታዘዙ ይሆናል። በዚያው በግሎስተርሻየር የሚገኘው ታላቁ የዉድቼስተር ሞዛይክ ለሕዝብ ከታየበት ከ1973 ወዲህ ከአፈር በታች ነው። ውርጭና ዝናብ አይደርሱበትም። በተሻለ መሣሪያ የሚያጠናው ሰው እስኪመጣ ድረስ ይቆያል፤ ያ ሰው ገና አልተወለደ ይሆናል።